የማትንቀጠቀጥ መርፌ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተዋጊ ጄት ጌጅ፣ ማለት መለኪያ፣ ሲጠግን የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ጓሮውን ይኮተኩታል፤ አንዳንዱ ሚስቱን ይነዘንዛል። ጌጁ ግን አበባ አይወድም፣ ሚስትም አላገባም። "ጌጁ" ያሉት ድሮ አብራሪዎቹ ናቸው፤ ስሙ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። የገዛ ወንድሙ ሳይቀር ሌላ ስም እንዳለው የረሳ ይመስላል።

የሚኖረው በወንድሙ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በክፍሏ ውስጥ አልጋ አለ፣ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ስክሪንና በብሎን የታሰረ ጆይስቲክ አለ፤ ከሥር ደግሞ ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና የተሠራ የእግር ፔዳል። እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጠው አልጋው ላይ ነው፤ እንግዳ ግን አይመጣም።

አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ሲዳክር ያችን ጄት አገኛት። እሱ ዕድሜውን የጨረሰባትን፣ ወንድሙ ደግሞ ዐሥራ አራት ዓመት ያበረራትን። አንድ የማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው አገር ተቀምጦ፣ ለኮምፒውተር በረራ እንድትሆን አድርጎ ሠርቷት በነፃ ለቋታል። "ውሰዱ፣ አሻሽሉ፣ እንዳትሸጡ" የምትል አጭር ማስታወሻም አብራ አለች። ሰውየው ውጭዋን አሳምሯታል፤ ብሎኖቿ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ውስጧ ግን ጉድ ነበር። የከፍታ መለኪያው በሜትር ሳይሆን በጫማ ይቆጥራል፤ የፍጥነቱ ከአንዲት ትንሽ የመንገደኛ አውሮፕላን የተነቀለ ነው፤ የሞተሩ ሙቀት መርፌ ደግሞ ገና ሞተሩ ሳይነሳ ቀዩ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች።

"ይሄማ ስድብ ነው!" አለ ጌጁ ለስክሪኑ። ሙሽራ ከነቬሏ አሳምረው ሲያበቁ ሸራ ጫማ ያደረጉላት ነው የመሰለው።

ጌጅ ኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ነገር ነው፤ የገጹ ሥዕል፣ የመርፌዋ ሥዕል፣ ሦስተኛው ደግሞ መርፌዋ በየትኛው ቁጥር ስንት ዲግሪ እንደምትዞር፣ በምን ያህል ፍጥነትም እንደምትዞር የተጻፈበት ፋይል። ጌጁ ሦስቱንም ከባዶ ተነስቶ ሠራቸው። አራት ወር ፈጀበት። ገጾቹን ከትዝታው እያወጣ ሣላቸው። የፍጥነት መርፌዋ ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በታች እንደምታንቀላፋ፣ ከዚያ ድንገት ዘላ እንደምትነቃ ያውቃል፤ ጻፈው። የከፍታዋ መርፌ አውሮፕላኑ በኃይል ሲወርድ ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ እሱንም ጻፈ። መርፌዋ ስታንቀላፋባቸው አብራሪዎች በጣታቸው እየመቱ ቀለሙን ያስለቀቁትን የነዳጅ ጌጅ ጠርዝ እንኳ ልጦ ነው የሣለው። ያየው ሰው አብዷል ይለው ነበር። ያየው ሰው ስላልነበር ግን እንደ ልቡ አበደ፤ ደስታውም ልክ አልነበረው።

ወንድሙ ሻለቃው በሰባት ዓመት ይበልጠዋል፤ ሰባ ሦስት ሞልቶታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የግቢውን በር ሲያይ ነው የሚውለው፤ የሚጠብቀው ሰው ግን የለም። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሐኪሙ ለበሽታው ስም አወጣለት፣ ኪኒን ጻፈለት፣ መኪና መንዳት ከለከለው። አብራው የምትኖረው ልጁ ፋርማሲስት ናት፤ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለቻት። የመኪናውን ቁልፍ ከአባቷ እጅ የወሰደችው ይህችው ፋርማሲስት ናት። "መንግሥት ጄት አምኖ የሰጠኝን ሰውዬ አንቺ አንዲት መኪና ትከለክይኛለሽ!" ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት።

ጌጁ ሥራው ያለቀ ቀን በረንዳው ድረስ ሄዶ ፊቱ ቆመ።

"ጋሼ፣ አንዴ ና እስቲ እይልኝ።"

"ጨዋታ ነው አሉኝ እኮ። እኔ የልጅ ነገር ምን አውቄ?"

"አንተ ብቻ ግባና ተቀመጥ። ካልወደድከው ማን ያዘህ፣ ትወጣለህ።"

ሻለቃው እየተነጫነጨ ገብቶ ተቀመጠ። ስክሪኑን አየ። በኋላ እጁን ሰደደና ያችን ቀለሟ የተላጠ የነዳጅ ጌጅ በመስታወቱ ላይ በጣቱ ኳ ኳ አደረጋት።

"ይህቺ ሴትዮ ዛሬም እንደ ድሮዋ ታንቀላፋለች?" አለ።

ያን ጊዜ ጌጁ የተሰማውን ደስታ ሌላ ቀን ተሰምቶት አያውቅም። ሰው የሠራውን ነገር የሚያውቅለት አንድ ሰው ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል? አንድ ይበቃል።

መነሳቱስ ቀላል ነው፤ ጋዝ ሰጥቶ መጠበቅ ነው። ጣጣው ማረፉ ላይ ነው። የሻለቃው እጅ ሲንቀጠቀጥ ጆይስቲኩ ይንቀጠቀጣል፤ ጆይስቲኩ ሲንቀጠቀጥ የጄቷ አፍንጫ፤ አፍንጫዋ ሲንቀጠቀጥ መርፌዎቹ። እሱ ደግሞ መርፌዎቹን እመልሳለሁ ብሎ ሲያባርራቸው ጭራሽ ይብስበታል። መንደርደሪያውን ስቶ ሜዳ ላይ ተከሰከሰ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተከሰከሰ። ዐሥር ቀን ከምሳ በኋላ እየመጣ ዐሥር ቀን ተከሰከሰ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጆይስቲኩን ለቀቀና እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተመለከታቸው።

"እነዚህ የኔ አይደሉም" አለ። "የማን እንደሆኑም እንጃ።"

ከዚያ ወዲያ አልመጣም። በረንዳው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ የቀረበለት ምሳም ሳይነካ ይመለስ ጀመር። ፋርማሲስቷ አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዳ የአጎቷን በር አንኳኳች።

"አጎቴ፣ አባዬን ምን አደረግከው? ድሮ ያኮርፍ ነበር እንጂ እንዲህ ዝም አይልም ነበር።"

ነገሩ የጌጁን አንጀት በላው። ማለት የለብኝም እንጂ፣ አንጀት የሚበላ ነገር ብዙ ጊዜ ጭንቅላትንም አብሮ ይበላል። ቁጭ ብሎ አሰበ፤ በሽታውን መርፌዋ ላይ አገኘው፣ ወይም ያገኘው መሰለው። ለጀማሪ አብራሪ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር "መርፌ አታባርር" የሚል ነው። መርፌዋ ባትንቀጠቀጥስ? ወንድሙ የሚያባርረው ነገር አይኖርማ! ፋይሉን ከፈተ። መርፌዋ በሰከንድ እስከ ዘጠና ዲግሪ መዞር እንድትችል ራሱ ነው የጻፈው። ዘጠናውን ሰረዘና ሃያ አደረገው።

በወርክሾፑ ዘመን እንዲህ ያለች መርፌ ብታጋጥመው ቀይ ካርድ አንጠልጥሎባት ከሥራ ውጭ ያደርጋት ነበር። የዘገየች መርፌ በትሕትና የምትዋሽ መርፌ ናት፤ ይህንን ለስንቱ ተማሪ ሲሰብክ ኖሯል። አሁን ግን ለራሱ ሌላ ስብከት አወጣ። "ይሄ እኮ አውሮፕላን አይደለም፣ ሥዕል ነው" አለ። "ሥዕል ማንን ገደለ?"

በማግሥቱ ወንድሙን ለምኖ አመጣው። መርፌዎቹ ረጋ አሉ፤ እነሱ ሲረጉ ሻለቃውም ረጋ። ጄቷ መሬት ነክታ አንዴ ነጠረች፣ ሁለቴ ነጠረች፣ ከዚያ መንደርደሪያው መሃል ላይ ቆመች። ሻለቃው ጆይስቲኩን እንደጨበጠ እንባው ወረደ። የታናሽ ወንድሙን አንገት ይዞ ግራና ቀኝ ሳመው።

"ገና ነኝ!" አለ። "ገና ነኝ አንተ!"

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም ይህንን ባልተረክሁ ነበር። ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ውሸትም እግር የሚያወጣው እንደዚያው ቀስ በቀስ ነው። በሳምንቱ ሻለቃው ሁለት ጊዜ ተከሰከሰና ፊቱ ጠቆረ። ጌጁ የፍጥነት መለኪያዋን ሠንጠረዥ ነካ አደረገው፤ ከሁለት መቶ ሃምሳ እስከ ሦስት መቶ ዐሥር ያለው ፍጥነት ሁሉ መርፌዋን ሁለት መቶ ሰማንያ ላይ፣ ልክ የማረፊያው ፍጥነት ላይ፣ እንዲያስቀምጣት አደረገ። ወንድሙ ቢፈጥንም ልክ ነው፣ ቢዘገይም ልክ ነው። ቀጥሎ ሌላ ፋይል ከፈተና የጎማዎቹን እግር አጠነከረ፤ ከሰማይ ቢወረወሩ እንዳይሰበሩ። በሦስተኛው ወር እዚያ ወንበር ላይ በሬ ብታስቀምጥ በሬው በሰላም ያርፍ ነበር።

ሻለቃው ሌላ ሰው ሆነ። በየቀኑ ጢሙን ይላጭ ጀመር፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ፊቱን ሁለት ሦስት ቦታ ይቆርጠውና "ይሄ ምላጭ ድሮም ብረቱ አይረባም" ይላል። ምሳው አይመለስም። የቀድሞ ጓደኞቹ ሲደውሉለት ለዓመታት ትቶት የነበረውን የደመናውን ታሪክ እንደገና ያወራላቸው ጀመር። ታሪኩ የሃያ ስምንት ዓመት ታሪክ ነው። ነዳጁ አልቆ፣ ደመና ውጦት፣ ዙሪያው ተራራ ሆኖ፣ ከመሬት "ዝለል፣ ጄቷን ተዋት" ብለው አዘዙት።

"ሆዴ፣ ልትላተም ነው ይለኛል" ይላል ሻለቃው። "መርፌዋ ደግሞ፣ ስድስት መቶ ሜትር ነህ፣ ና ቀጥል ትለኛለች። ማንን ልመን? ጠዋት ያችን መርፌ የፈተሻት ወንድሜ ነው። አመንኳት፤ ወረድኩ። ይኸው ቁጭ ብዬ አወራችኋለሁ።"

ጌጁ በሥራ ዘመኑ ሜዳልያ አልተሰጠውም። ለጌጅ ጠጋኝ ማን ሜዳልያ ይሰጣል? ሜዳልያው ይህቺ ታሪክ ነበረች፤ ወንድሙ ባወራት ቁጥር ደረቱ ላይ የሚሰኳት ይመስለው ነበር። አሁን ግን በስልክ ስትወራ ሲሰማ አንገቱን ይደፋል፤ ወይም የሆነ ዕቃ የረሳ መስሎ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ማረፍ ደግሞ ለሻለቃው የልብ ልብ ሰጠው። አንድ እሑድ ቁርስ ላይ እጁን ለልጁ ዘረጋ።

"ቁልፌን።"

"አባዬ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ታውቃለህ።"

"ሐኪሙ አብራሪ ነው? እኔ በሰዓት ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር እያረፍኩ መኪና በአርባ መንዳት ያቅተኛል? ልጅቷን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። አንቺም በየጠዋቱ ሥራ አታረፍጂም። ካላመንሽ አጎትሽን ጠይቂ፤ በየቀኑ ያየኛል።"

ፋርማሲስቷ ጠየቀችው። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"አጎቴ፣ አንተ ነገር አትሸፋፍንም፤ ለዚህ ነው ወደ አንተ የመጣሁት። እጁ እውነት ተሽሎታል? የምትሳፈረው ልጄ ናት።"

ጌጁ እሷን ሳይሆን ስክሪኑን ነበር የሚያየው። እውነቱን ቢናገር ወንድሙ በዚያው ቀን በረንዳው ላይ ተመልሶ ይሞታል፤ በሽታው ሳይሆን እፍረቱ ይገድለዋል። እንዲህ ብሎ ነው ለራሱ የነገረው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ፍርሃት ነው። የወንድሙን ዓይን ፈራ።

"ተሽሎታል" አለ። "ድሮም ቢሆን መንዳቱ ግሩም ነው።"

በውሸቱ ላይ ምርቃት መጨመሩ ነበር። ፋርማሲስቷ በረጅሙ ተነፈሰችና ቁልፉን ለአባቷ ሰጠችው።

ሁለት ሳምንት ደህና ሄደ። ጌጁ በየጠዋቱ መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ከአልጋው ተነስቶ ይቆማል፤ ተመልሳ የበሩ ድምፅ እስኪሰማ አይቀመጥም። እንዲያም ሆኖ አፉን አልከፈተም። ሆድ ይፍጀው አለ፤ ሆዱም ፈጀው።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ስትገባ የተለየ ድምፅ አሰማች። ጌጁ ሮጦ ወጣ። የቀኝ ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ተፍቋል፤ መስታወቱ በሽቦው ተንጠልጥሏል። ሻለቃው ወርዶ በሩን ዘጋ።

"ያ የትምህርት ቤቱ ግንብ መንገድ ላይ ወጥቷል" አለ። "ማን እንዲህ አድርጎ እንደሠራው እንጃ።"

ትንሿ ልጅ በግራ በኩል ወረደች። በቀኝ በኩል ያለው፣ እሷ የምትቀመጥበት በር፣ አልከፈት ብሎ ነው። ከንፈሯን ነክሳ ቆመችና ለጌጁ በሹክሹክታ፣ "አያቴ እኮ አላየውም፤ እኔ ጮህኩለት፤ እየሳቀ ነበር" አለችው።

"አንተ ለቀለም እጅ አለህ" አለ ሻለቃው። "እናቷ ሳትመጣ ቶሎ ቀባ ቀባ አድርግልኝ። ይሄን ይዛ ደግሞ ልትጨቀጭቀኝ ነው።"

ጌጁ ወደ በሩ ጠጋ አለ። ብረቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የገባው ልክ የስድስት ዓመት ልጅ ትከሻ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ጣቱን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አደረገ። ሥዕል ማንን ገደለ ያለው ሰውዬ አሁን የት ሄደ? ልጅቷ ጉንጯ ላይ ሌላ ነገር የለም፣ የደረቀ የከረሜላ ቅሪት ብቻ ነው ያለው፤ ያንን በአውራ ጣቱ ጠረገላት።

ቀለሙን አላመጣም። ክፍሉ ገብቶ ኮምፒውተሩን አስነሳ። ጥሩ ባለሙያ ነውና የመጀመሪያውን ትክክለኛ ፋይል ከነቀኑ አስቀምጦት ነበር፤ ያንን መለሰው። የጎማዎቹንም እግር እንደ ነበሩ አደረጋቸው። ከዚያ ወጥቶ ወንድሙን ጠራው።

"ጋሼ፣ ና እስቲ አንዴ ብረር።"

"አሁን? መኪናውስ?"

"መኪናው ይደርሳል።"

ሻለቃው ደስ ብሎት ተቀመጠ። ተነሳ፣ ዞረ፣ ለማረፍ ወረደ። መርፌዎቹ ሁሉ እንደ እጁ ተንቀጠቀጡ። ተከሰከሰ። ፊቱን አጨማዶ እንደገና ሞከረ፤ ከመንደርደሪያው በፊት ሜዳ ላይ ተከሰከሰ። በሦስተኛው ጊዜ ጄቷ በአንድ ክንፏ መሬቱን ጠርጋ ተገለበጠች።

"ምን ነካው ይሄ ነገር? አበላሸኸው እንዴ?"

"አይ ጋሼ። እስከ ዛሬ ነው ተበላሽቶ የነበረው።"

ጌጁ ቆሞ ነገረው። ምንም አላስቀረም፤ ዘጠናው ሃያ እንደሆነ፣ ሁለት መቶ ሰማንያዋ ላይ የተቸነከረችው መርፌ፣ የማይሰበሩት እግሮች፣ ለፋርማሲስቷ የዋሻት ውሸት። ሻለቃው አዳምጦ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"የመጀመሪያዋስ? ያለቀስኩባት?"

"እሷም። መርፌዋን አዘግይቼልህ ነበር።"

ሻለቃው ራሱን ነቀነቀ። ጌጁ ስድብ እየጠበቀ ነበር፤ ጥፊም ቢሆን በደስታ ይቀበል ነበር። ሻለቃው ግን ወለሉን እያየ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ "ያኔስ?" አለ።

"መቼ?"

"ደመናው ውስጥ።"

ጌጁ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወደ ወንድሙ አንድ ርምጃ ተጠጋ።

"ጋሼ! ምን ነካህ? እንዴት እንዲህ ታስባለህ? እግዜር ያውቃል..."

"እግዜርን ተወው። የጠየቅኩት አንተን ነው።"

"እውነተኛ ነበረች! በእጄ ነው የፈተሽኳት፤ ሦስት ጊዜ ነው የፈተሽኳት። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት መርፌ በፀጉር ያህል አላዛባሁም። አንተ ታውቃለህ። ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል?"

"ትናንትም ብጠይቅህ እንዲሁ ትለኝ ነበር" አለ ሻለቃው።

እውነት ነው፣ ትናንትም ቢጠይቀው በዚሁ ዓይን እያየው፣ በዚሁ ድምፅ፣ ጤነኛ ነህ ይለው ነበር። ሻለቃው ከኪሱ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ብዙ ጮኸ።

"እንግዲህ ዕድል ነበረች ማለት ነው" አለ። "እኔ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ያዳነኝ ወንድሜ ነው እያልኩ።"

ፋርማሲስቷም ማምሻውን ሰማች፤ የነገራት ጌጁ ራሱ ነው። አልጮኸችበትም። የተጎዳውን በር በእጇ ስትዳስስ ቆይታ፣ "ስጠይቅህ ዓይኔን አላየኸኝም ነበር" አለችው። "ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።" ከዚያ ልጇን አቅፋ ገባች። ልጅቷ ዳነች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጌጁም ለዚህ ብቻ ሲል እውነቱን ደግሞ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ግን ደስ አላለውም። ደስ ሊለው ሲሞክር "ትናንትም ብጠይቅህ" የምትለዋ ቃል ትመጣበታለች።

በሳምንቱ ትክክለኛዎቹን ጌጆች፣ አራት ወር የለፋባቸውን፣ ኢንተርኔት ላይ ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ለቀቃቸው። የሚያደርገው ነገር ስላልነበረው ነው የለቀቃቸው። ከየአገሩ የምስጋና መልእክት ጎረፈለት። "እንዲህ ያለ ትክክለኛ መለኪያ አይተን አናውቅም" አሉት፤ "መርፌዎቹ ሕይወት አላቸው" አሉት። አንዳቸውም በዚያች ጄት ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ተቀምጦ የሚያውቀው ሰውዬ ሃያ ርምጃ ርቀት ላይ፣ በረንዳ ላይ ነው፤ ጌጁ ሲያልፍም ሰላምታ አይነሳውም፤ ደህና አደርክ ይለዋል፣ ጨው አቀብለኝ ይለዋል። የደመናውን ታሪክ ግን መተረክ ተወ። አንድ የቀድሞ ጓደኛው በስልክ "እስቲ ያችን የደመናዋን" ሲለው ጌጁ ሰምቷል። "ተዋት እባክህ" ነበር የሻለቃው መልስ። "ለወሬ የለው ፍሬ።"

መኪናውን የሚነዳው አሁን ጌጁ ነው። ልጅቷን ጠዋት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል፤ ሻለቃውንም በወር አንድ ጊዜ ክሊኒክ ይወስደዋል። ሻለቃው የሚቀመጠው ከኋላ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ወጣት ነርስ የሻለቃውን ክንድ በደም ግፊት መለኪያው ጠቅልላ ነፋችው። ጌጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"አባባ፣ መቶ ስድሳ በዘጠና አምስት ነው። ትንሽ ከፍ ብሏል።"

"ይሄን መሣሪያ ማን ነው የሚጠግንላችሁ?" አለ ሻለቃው።

"እኔ እንጃ። ግን በደንብ ይሠራል።"

"ሌላ አምጪና ለኪኝ።"

ነርሷ ፈገግ ብላ ሌላ አመጣች። የሁለተኛውም ቁጥር ያው ነው፤ ያሳየችውም እንዲያምናት ብላ ነበር። ሻለቃው ቁጥሩን አየና ፊቱን አዞረ።

"ሁለቱንም አንድ ሰው ከጠገናቸው አንድ ዓይነት ነው የሚሉት" አለ።

ነርሷ ቀልድ መስሏት ከልቧ ሳቀች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ግን እባቡ ግድግዳውን ተደግፎ መቆሙን በምን ታውቃለች? ቅጹን ሳብ አድርጋ እስክሪብቶዋን አነሳች። የቅርብ ዘመድ የሚል ባዶ መስመር አለ።

"አብረውዎት የመጡት ምንዎ ናቸው፣ አባባ?"

ሻለቃው የእጅጌውን ቁልፍ ለመቆለፍ እየታገለ ነበር፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። ጌጁ ሊቆልፍለት አንድ ርምጃ ተራመደ። ሻለቃው ክንዱን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

"ሾፌሬ ነው" አለ። "የልጄን ስም ጻፊ።"

ነርሷ ቀና ብላ ጌጁን አየችው፣ መልሳ ሻለቃውን አየች። አፍንጫቸው አንድ ነው፣ ግንባራቸው አንድ ነው፤ ዕውር እንኳ አያጣውም። እስክሪብቶዋ መስመሩ ላይ እንደቆመ ጌጁን በዓይኗ ጠየቀችው። ጌጁ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና መኪናውን ወደ በሩ ሊያስጠጋ ወጣ።